የኪራይ ትዝታ

«ሮክ የልጅ ነገር ነው፤ ጩኸት ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላህ ይወጣልሃል። ዕድሜንና ጊዜን የሚያውቀው የኛ ዘፈን ነው። ትዝታ እያለን ከሌላ ምን ልንማር?»

ይህን አባባል በየዶርሙ፣ በየካፌው፣ በየታክሲ ሰልፉ ያልሰማ ተማሪ የለም። ተናጋሪው ብዙውን ጊዜ በሳል መሳይ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ራሱ ሃያ አምስት አልሞላውም። አባባሉ ከማኪያቶ ጋር ይጣፍጣል። አገላብጠው ሲያዩት ግን ሁለት ስሕተት ባንድ ከረጢት ይዞ ይገኛል። ስለ ሮክ የሚለው ልክ አይደለም። ስለ ትዝታ የሚለውም ልክ አይደለም። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ይቃወማል፤ ከሁለቱም ይልቅ ግን ከአባባሉ ጀርባ የተደበቀውን ስንፍና ይቃወማል።

በቅድሚያ አንድ ማሳሰቢያ። የሸክላና የአልበም ዓመታት የሚመዘገቡት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ እኔም እንደዚያው እጽፋለሁ። ዓ.ም. ያልሁበት ቦታ ብቻ የኛው ነው።

እስቲ ከሮክ እንጀምር። ሮክ የወጣት ጩኸት ሆኖ መወለዱን ማንም አይክድም። በ1965 ዘ ሁ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ «ማይ ጄኔሬሽን» (የኔ ትውልድ) የሚለውን ዘፈን ሲያወጣ፣ ደራሲው ፒት ታውንሸንድ የ20 ዓመት ልጅ ነበር። ዘፈኑ እርጅናን በጥፊ የሚል ነው፤ ከማርጀት ሞት ይሻላል የሚል መንፈስ አለው። ታዲያ ጊዜ ምን አደረገ? ከአራቱ የባንዱ ሰዎች ድራመሩ ኪዝ ሙን በ1978፣ በ32 ዓመቱ ሞተ። የዘፈኑ ምኞት ደረሰለት ማለት ነው፤ እሰይ ያለ ግን አልነበረም። ታውንሸንድ ኖረ። በ2025 ባንዱ በአሜሪካ የስንብት ጉዞ ሲያደርግ 80 ዓመት ሞልቶት ነበር። እርጅናን የሰደበ ሰው በ80 ዓመቱ ጊታር አንግቶ መድረክ ላይ መውጣቱ ቀልድ ይመስላል። ቀልድ ግን አይደለም። ሰው በ20 ዓመቱ የተናገረውን ቃል በ80 ዓመቱ በአደባባይ ሲጠየቅበት ማየት ነው። እንዲህ ያለ ፈተና የተቀመጠ ፈላስፋ ስንት አለ?

ፖል ማካርትኒን ደግሞ ውሰዱ። «ስድሳ አራት ዓመት ሲሞላኝ» የሚል ትርጉም ያለውን ዘፈን የጀመረው ገና ጎረምሳ ሳለ ነው፤ ቢትልስ በሸክላ ያወጡት በ1967 ነው። ዘፈኑ ሽምግልናን በሳቅ ነው የሚያየው፤ ከአንዲት ሴት ጋር አብሮ ማርጀትን ያልማል። ማካርትኒ እውነተኛውን 64 የደፈነው በጁን 2006 ነው። በዚያው ሰሞን ከባለቤቱ ጋር መለያየቱ በየጋዜጣው ወጥቶ ነበር። ልጁ ያለመው ሌላ፣ ጊዜ የሰጠው ሌላ።

ፒንክ ፍሎይድ በ1973 ያወጡት «ታይም» (ጊዜ) በሰዓት ደወሎች ጫጫታ ይጀምራል። ግጥሙን የጻፈው ሮጀር ዋተርስ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። ነገሩ ስለ ሽማግሌ አይደለም፤ ሕይወት ገና ሊጀመር ነው ብሎ ተቀምጦ ሲጠብቅ፣ ለካስ ተጀምሮ ጥሎት ስለ ሄደ ወጣት ነው። ስቲቪ ኒክስም «ላንድስላይድ» (የመሬት መንሸራተት) የሚለውን ዘፈኗን የጻፈችው በሃያዎቹ ዕድሜዋ ነው፤ በ1975 በፍሊትዉድ ማክ አልበም ወጣ። ሰባ ዓመት ካለፋትም በኋላ ትዘፍነዋለች። ቃሉ ያው ነው። ድምፅዋ ግን ያው አይደለም፤ ድምፅዋ ያው ስላልሆነም ቃሉ ሌላ ነገር መናገር ጀምሯል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጆኒ ካሽ ነገር ነው። «ኸርት» (ሕመም) የተባለውን ዘፈን በ1994 ያወጣው ናይን ኢንች ኔልስ ነው፤ ደራሲው ትሬንት ሬዝነር ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። ካሽ በ2002 ሲዘፍነው 70 ዓመቱ ነበር፤ ታሟል፤ ድምፁ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል። በቪዲዮው ላይ ባለቤቱ ጁን ካርተር ቆማ ስታየው ትታያለች። እሷ በሜይ 2003 ሞተች፤ እሱም በሴፕቴምበር ተከተላት። አንድ ወጣት ስለ ገዛ ሥቃዩ የጻፈው ግጥም፣ ከአንድ ቃል በቀር ሳይነካ፣ የሽማግሌ ኑዛዜ ሆነ።

ከዚህ ሁሉ የምናወጣው ትምህርት ምንድን ነው? ሮክ ስለ ጊዜ የሚያውቀው ነገር ከአፍሪካም ከእስያም የጠለቀ ጥበብ ስላለው አይደለም። ነገሩ ቀላል ነው። የሮክ ዘፈን የልደት ቀን አለው። ዘፋኙ ተነስቶ «እኔ ሃያ ዓመቴ ነው፤ ዓለም ለኔ ይህን ትመስላለች» ይላል። ከዚያ በኋላ ቆጠራው የጊዜ ነው። ዘፋኙ 40 ይሆናል፣ 60 ይሆናል፣ 80 ይሆናል፤ ዘፈኑ እንደ በር መቃን ላይ የቁመት ምልክት እዚያው ተጭሮ ይጠብቀዋል። ስንት እንዳደገ፣ ስንት እንደጎበጠ የሚታወቀው ከዚያ ምልክት አንጻር ነው። ምልክቱ ባይጫር ኖሮ የሚለካ ነገር አይኖርም ነበር።

አሁን ወደ ትዝታ እንምጣ። ትዝታን ልነቅፍ አልተነሳሁም፤ የሚነቅፋትም ሰው ጆሮውን ይመርመር። ከአራቱ ቅኝቶቻችን፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር የምትቆጠረው ትዝታ፣ ያለፈን ጊዜ እንደ ተለየ ወዳጅ በስሙ ጠርታ ከበራፍ የምታናግር ናት። ይህ ትልቅ ፈጠራ ነው። ነገር ግን አንድ ጠባይ አላት፤ ዕድሜ አትጠይቅም። የ16 ዓመት ልጅና የ80 ዓመት ሽማግሌ ባንድ ዜማ፣ ባንድ ዓይነት ግጥም ይገቡባታል። በቴሌቪዥን የድምፅ ውድድር ላይ አንድ ጎረምሳ ትዝታን ሲያንቆረቁራት ዳኞች እንባቸውን ይጠርጋሉ። «ልጄ፣ አንተን ደግሞ ምን ትዝ አለህ?» ብሎ የጠየቀ ግን አልሰማሁም። ጥያቄው ስድብ አይደለም። ልጁ የሚናፍቀው ነገር አለው ይሆናል፤ የፈረሰ ሰፈር፣ የተሰደደ አባት፣ የተቋረጠ ትምህርት። የዘፈነው ግን እሱን አይደለም። የዘፈነው ሌላ ሰው በሌላ ዘመን የናፈቀውን ናፍቆት ነው።

ትዝታ እንሥራ ናት እንበል። እንሥራዋ ምንም አልሆነችም። የምንቀዳበት ጉድጓድ ነው የሰው።

ሐቁን ለማየት ከፈለጋችሁ ቅዳሜን ሳትጠብቁ በማንኛውም ማታ ከቦሌ ድልድይ እስከ ሃያ ሁለት ያሉትን ላውንጆች ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ጊታሪስቱ 24 ዓመቱ፣ ኪቦርድ የሚጫወተው 23፣ ዘፋኟ 21። ጠረጴዛውን የከበበውም እኩያቸው ነው። የሚጫወቱት ግን አያቶቻቸው የደነሱበትን ነው። አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው ሲቀጥል ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «ወይኔ ያ ዘመን!» ይላሉ። የትኛው ዘመን? ሙዚቀኞቹን ብትጠይቁ መልሳቸው አጭር ነው፤ «አዲስ ብንጫወት ሰው ወንበሩ ላይ ይቀራል፤ የድሮ ስንጫወት ይነሳል።» እነሱ እንጀራቸው ነው፤ አልፈርድባቸውም። የምፈርደው በሚነሳው ሰው ላይ ነው። ቤት በኪራይ፣ ልብስ ለሠርግ በኪራይ፣ አሁን ደግሞ ናፍቆት በኪራይ። የኪራይ ትዝታ ማለት ይህ ነው።

ይህ የምንናፍቀው «ወርቃማ ዘመን» ምን እንደነበረ እንኳ ብናውቅ አንድ ነገር ነበር። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ከ1948 ጀምሮ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ያን ክልከላ ጥሶ በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ፤ የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ሆነ። ያን ጊዜ ዓለማየሁ 28 ዓመት ገደማ ነበር። ማሕሙድ አህመድም 28። ሙላቱ አስታጥቄ 26 አልደፈነም። እንግዲህ አስቡት። እኛ ዛሬ ሽማግሌ አድርገን የምናመልካቸው ሰዎች ያን ሙዚቃ ሲሠሩት ልጆች ነበሩ፤ አዲስ ነገር ነበር የሠሩት፤ ከሮክም፣ ከሶልም፣ ከጃዝም ያሻቸውን አንስተው ከቅኝታቸው ጋር አዋህደው ነው የሠሩት። የአባቶቻቸውን ዘመን ሲያለቅሱ አላደሩም። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ለዓመታት የቆየው ሰዓት እላፊ የአዲስ አበባን የሌሊት ሙዚቃ አነቀው፤ አምሃም በ1975 አገሩን ለቆ ወጣ። ዘመኑ አጭር ነበር። ወርቅ ያደረገው እጥረቱ ብቻ አይደለም፤ ወጣቶቹ የገዛ ዘመናቸውን መሥራታቸው ነው። እኛ ከነሱ ወርቁን ወርሰን አንጥረኝነቱን ጣልነው።

ከዚህም የከፋ ነገር አለ። እነዚህን ሰዎች በዚያ ዘመን ቆልፈንባቸው፣ ሲያረጁ አናዳምጣቸውም።

ዓለማየሁ እሸቴን «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» አልነው። ፀጉሩን፣ አለባበሱን፣ የመድረክ አቋሙን አይተን ነው። አሜሪካዊው ኤልቪስ የሞተው በ1977፣ በ42 ዓመቱ ነው። የኛው ዓለማየሁ ግን ያረፈው በሴፕቴምበር 2021፣ በ80 ዓመቱ ነው። ከ42 እስከ 80 ድረስ 38 ዓመት አለ። ኤልቪስ ያላየው፣ ማንም ዘፋኝ ሊቀዳለት የማይችል 38 ዓመት። ያን 38 ዓመት ስንቶቻችን ሰማነው? እኛ የምናውቀው የሸክላ ሽፋን ላይ ያለውን ጎልማሳ ብቻ ነው።

ኃይሉ መርጊያን ተመልከቱ። የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ሆኖ በ1981 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ እዚያው ቀረ። በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ፣ ኤርፖርት ላይ መንገደኛ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ1985 ያወጣው የአኮርዲዮን ካሴት በ2013 እንደገና ታተመ፤ በ2018 ደግሞ ሰባ ዓመት አልፎት «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም ይዞ መጣ። አዲስ ነው ያልሁት። ሽማግሌው የራሱን የድሮ ሥራ እየቆረጠ ቢሸጥ ማንም አይወቅሰውም ነበር። ግርማ በየነም እንዲሁ በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት ከመድረክ ርቆ ከኖረ በኋላ በ2017 ከፈረንሳዮቹ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር አልበም አወጣ። የታክሲውና የስደቱ ዘመን ጣቶቻቸው ላይ አለ። እኛ ላውንጅ ገብተን የምንጠይቀው ግን ከስደት በፊት የነበረውን ብቻ ነው።

ጌታቸው መኩሪያ ግን ለኔ የሁሉም አባት ነው። ሽለላንና ፉከራን በሳክስፎን ያስጮኸ ሰው ነው። በ2004፣ 70ኛ ዓመቱን ሊይዝ ሲል፣ አምስተርዳም ላይ ዘ ኤክስ የሚባል የሆላንድ ፐንክ ባንድ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ተጋብዞ ሄደ። ፐንክ ማለት የሮክ ሁሉ ቁጡ ልጅ ነው። ሽማግሌው ሰማቸው፤ ወደዳቸው፤ አጃቢዬ ሁኑ አላቸው። በ2006 «ሞአ አንበሳ»ን አብረው አወጡ። በ2012፣ በ77 ዓመቱ፣ ሌላ አልበም አብረው ሠሩ፤ ስሙ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «የአንበሳው ትዝታ»። ይኸውላችሁ ትዝታ! የገዛ ሰባ ሰባት ዓመቱን ከፐንክ ጊታር ፊት አቁሞ የተናገራት ትዝታ። በኤፕሪል 2016፣ በ81 ዓመቱ አረፈ። እንግዲህ «ሮክ የልጅ ነገር ነው፤ ትዝታ የሽማግሌ ነው» የሚለው ወገን ጋሽ ጌታቸውን የት ያስቀምጠዋል? ሽማግሌው ሁለቱን አብሮ ሲይዛቸው ምንም አልተጣሉም። የተጣሉት በኛ ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ጋሽ ማሕሙድ አህመድ በ2017 ዓ.ም. የመጨረሻ የስንብት ኮንሰርቱን ያደረገው እዚሁ ቦሌ፣ ሚሌኒየም አዳራሽ ነው። ዕድሜው 83 ነበር። ሊስትሮነት ሠርቶ ያደገ የመርካቶ ልጅ፣ ከስድሳ ዓመት በላይ በመድረክ ኖሮ፣ «በቃኝ» ብሎ በሕይወት ሳለ ተሰናበተ። ይህ በኛ አገር ዘፋኝ ዘንድ ብርቅ ነገር ነው። በ1975 «ኧረ መላ መላ»ን ሲቀርጽ 34 ዓመቱ ነበር፤ በሁለቱ መካከል ግማሽ ምዕተ ዓመት አለ። ያን ዕለት ሊደመጥ የሚገባው ነገር ይህ ርቀት ነው፤ ጉልበት የት እንደ ቀነሰ፣ በምትኩ ምን እንደ ገባ። እኛ ግን በማግስቱ ያወራነው «ድምፁ እኮ ያው የድሮው ነው!» እያልን ነው። ምስጋና መስሎን። ለአንድ ሰው «ሃምሳ ዓመት ምንም አልጨመረልህም» ማለት ምስጋና ነው እንዴ?

የአዳራሹን ስምም ልብ በሉ። ሚሌኒየም የተባለው እኛ በመስከረም 1፣ 2000 ዓ.ም. አዲሱን ሺህ ዓመት ስለተቀበልን ነው። ያን ጊዜ እኔና እኩዮቼ የአራት ዓመት ሕፃናት ነበርን። ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ፣ ወደድንም ጠላንም፣ የኛ ነው። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ፣ ገርጂ ኢምፔሪያል ጋ፣ በ2015 ለቦብ ማርሌ ሐውልት ቆመለት። ቦብ በ1981 በ36 ዓመቱ ሞተ፤ ሐውልቱም 36 ላይ ይቆማል። ሐውልት አያረጅም። ለሞተ ሰው መልካም ነው። በሕይወት ያለን ዘፋኝና በሕይወት ያለን ትውልድ ሐውልት ማድረግ ግን ግፍ ነው።

«እሺ፣ ታዲያ እኛ የምንዘፍነው ምን ጊዜ አለን? ገና ልጆች አይደለንም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይህ ጥያቄ የሚነሳው ሰፈሩን አይቶ ከማያውቅ ሰው ነው። ከመገናኛ ወደ ምሥራቅ ሂዱ፤ ሲኤምሲን፣ ሰሚትን፣ አያትን፣ ቦሌ አራብሳን እዩ። ጤፍ ይዘራበት የነበረ መሬት በኛ ዕድሜ ኮንዶሚኒየም ሆነ። በሌላ አገር ልጅ ከሰፈሩ ያንሳል፤ አያቱ ከተወለዱበት ቤት ይወለዳል። በምሥራቅ አዲስ አበባ ግን የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ከሰፈሩ ይበልጣል። የባቡሩ መስመር ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች ሥራ ሲጀምር 2008 ዓ.ም. ነበር፤ ሲመረቅ ያየነው እኛ ነን። በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ከአሥር ዓመት በላይ ዕጣ ሲጠብቅ የኖረ ወላጅ በየቤታችን አለ። እስቲ ንገሩኝ፤ ፒንክ ፍሎይድ ስለ መጠበቅ ከዘፈኑት ይህ በምን ያንሳል? እናት በየወሩ ባንክ ሄዳ ትቆጥባለች፤ ልጅ ያድጋል፤ ዕጣው አይወጣም፤ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ ዕጣው አይወጣም። እዚህ ውስጥ ዘፈን የለም? ከበሮው ራሱ አለ።

የኛ የጊዜ አቆጣጠር ደግሞ እንዲህ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ወራት ከዕድሜያችን ተቆርጠው ወደቁ። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነት ተነሳ፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት እስኪፈረም ሁለት ዓመት ሙሉ ስንቱ እኩያችን ተቀጠፈ። በ2015 ዓ.ም. መግቢያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጠ፤ ከመቶ ተፈታኝ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ሦስት ያህል ብቻ ነበር። ይህ የሆነው በኛ ላይ ነው። ከኛ መካከል በሃያ ዓመቱ የሸበተ ልብ ያለው ብዙ ነው። ይህን ሁሉ ይዘን ማታ ላውንጅ ገብተን በ1969 ስለተለየች የሰው ፍቅረኛ እናለቅሳለን!

የተቃዋሚዎቼን ክርክር ሳልሰማ አላልፍም።

አንደኛው፣ «ወጣት ስለ እርጅና ምን ያውቃል? ይጠብቅ፤ ሲደርስበት ይዘፍነዋል» ይላል። ከላይ የቆጠርኋቸው ሁሉ መልስ ናቸው። ስለ ጊዜ ማለፍ የሚጠበበው ወጣት ነው፤ ሽማግሌው እየኖረው ነው። ዋተርስ ሠላሳ ሳይሞላው ጻፈ፤ ኒክስ በሃያዎቹ ጻፈች። ሰው እርጅናን ከሩቅ ሲያይ የሚናገረው ነገር አለ፤ ከቀረበው በኋላ የማይናገረው። ሁለቱም ምስክርነት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ካልተጻፈ ሁለተኛው ከምን ጋር ይመሳከራል?

ሁለተኛው፣ «ሮክም እኮ ያው ነው፤ የድሮውን እየሸጠ ነው የሚኖረው» ይላል። ይህ እውነት አለው። ሽማግሌ ሮከሮች ስታዲየም ሞልተው የሃምሳ ዓመት ዘፈን ይሸጣሉ። ከዚህም ያለፈ አለ፤ ከ2022 ጀምሮ ለንደን ውስጥ አባ የተባለው የስዊድን የፖፕ ቡድን ለዚሁ በተሠራ አዳራሽ በሥዕል ይዘፍናል፤ ሰዎቹ ቤታቸው ተቀምጠው፣ በኮምፒውተር የተሠራው የወጣትነት መልካቸው በ1979 እንደነበሩት ሆኖ መድረክ ላይ ይጨፍራል። ይህ የጊዜ ክህደት የመጨረሻው ደረጃ ነው። ነገር ግን ልዩነቱን አስተውሉ። አባዎች የከዱት የገዛ እርጅናቸውን ነው፤ የሚሸጡትም የገዛ ወጣትነታቸውን ነው። እኛ ግን ወጣትነታችንን እየካድን የሌላውን ወጣትነት እንገዛለን። እነሱ ቢያንስ የሚሸጡት ነገር ነበራቸው።

ሦስተኛው፣ «ጊታርና ሮክ ባዕድ ነው፤ የኛን አያውቅም» ይላል። ጃኖ ባንድ በ2012 «ኤርታሌ» የተባለውን የመጀመሪያ አልበሙን በቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት ሲያወጣ የኛን ቅኝት በሮክ ጊታር እንዳስኬደው የሰማ ሰው ይህን አይልም። ከዚያም በፊት ዓለማየሁ ነበር፤ ጋሽ ጌታቸውም ነበር። ደግሞም እኔ ሮክ እንዝፈን አላልሁም። የምለው ሌላ ነው። በጊታርም ይሁን በማሲንቆ፣ በባቲም ይሁን በአንቺ ሆዬ፣ በዶርም መኝታ ላይ በተከፈተ ስልክም ይሁን በትልቅ ስቱዲዮ፣ ዘፈናችን የልደት ቀን ይኑረው ነው የምለው።

ይህን የምለው ለውበት ብቻ አይደለም። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ ዕድሜ ከሰጠን፣ እኛም ስድሳ እንሞላለን። ያን ጊዜ ልጆቻችን «በናንተ ጊዜ ምን ይዘፈን ነበር?» ይሉናል። ምን ልንመልስ ነው? የአያቶቻችንን ሸክላ ልናወጣላቸው ነው? ትዝታ የሚያስፈልገን በዚያን ጊዜ ነው፤ በርዋን ስናንኳኳ ግን ውስጥዋ የሌላ ሰው ዕቃ ተከማችቶ እናገኛለን። ማሕሙድ በ83 ዓመቱ ወደ 34 ዓመቱ ዘወር ብሎ የሚያየው ነገር ነበረው፤ እዚያ አስቀምጦት ስለነበር ነው። እኛ ምንም አናስቀምጥም። የቁመት ምልክት ሳይጫርለት ያደገ ልጅ ማደጉን የሚያውቀው ልብሱ ሲጠበው ብቻ ነው።

ስለዚህ የምለው ሦስት ነገር ነው። ላውንጅ የምትሄዱ፣ ባንዱ የራሱን አዲስ ዘፈን ሲጫወት ከወንበራችሁ ተነሱ፤ ባይጥማችሁም ተነሱና ከዚያ ንቀፉት። ዘፈን የምትሠሩ፣ በየምሽቱ ከምትጫወቱት አሥር የድሮ ዘፈን መካከል አንድ የራሳችሁን አስገቡ፤ ሽማግሌዎቹንም ስታገኙ የ1969ኙን ብቻ አትጠይቋቸው፤ ትናንት ማታ ምን ሲያዜሙ እንዳመሹ ጠይቋቸው። ግጥም የምትጽፉ፣ በተለይም ለዚህ መጽሔት የምትልኩ፣ ከግጥማችሁ ግርጌ ስማችሁን ስትጽፉ ዕድሜያችሁንም ጻፉ። ያፈረ አይላክ። «ትዝ ይለኛል» የሚል ቃል ከመጻፋችሁ በፊትም ከግርጌ ያለውን ቁጥር አይታችሁ፣ ትዝ ሊላችሁ መቻሉን አስሉ።

ይህን የሚቃወም ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ በየካፌው አይሙ። እሱም ግን ዕድሜውን ከግርጌ ያስቀምጥ።

22 ዓመት፤ 2018 ዓ.ም.